ሐዋሳ ላይ ከሰዓት ሳይክል ስትነዱ እነዚህን ስህተቶች አትስሩ

ባለፈው ጥር የአክስቴ ልጅ ሳይክሉን ጎሚስታ ወስጄ ጎማውን አስነፍቼ እንድመልስለት ላከኝ፣ የግማሽ ሰዓት ስራ ነበር፣ እኔ ግን ቤት የገባሁት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ፀሐይዋ የማትለበልብ፣ ከሐይቁ በኩል ለስለስ ያለ ነፋስ ሚመጣበት ቀን ነበር፣ ሳይክል ከነዳሁ ደግሞ አመታት አልፈውኝ ነበር፣ እንዲህ ደስ ይለኛል ብዬ ጭራሽ አልጠበኩም። ከዛ በኋላ በየቅዳሜው እየወጣሁ ነው፣ ጓደኞቼንም ይዤ እወጣለሁ፣ እና እንዳየሁት ሰው "ሳይክል አይመቸኝም" ሚለው አብዛኛውን ጊዜ ሳይክሉ ከፍቶ ሳይሆን ከታች በምፅፋቸው ነገሮች ነው።

ከሁሉም ሚብሰው ኮርቻ ዝቅ አድርጎ መንዳት ነው። የኪራይ ሳይክል ከሆነ ኮርቻው ብዙ ጊዜ ዝቅ ብሎ ነው ሚጠብቃችሁ፣ ሰውም እግሬ መሬት ከነካ አልወድቅም ብሎ እንደዛው ይሄዳል፣ ከዛ 20 ደቂቃ ሳይሞላ ጉልበቱን ያመዋል። እኔም የዛን ቀን እንደዛው ነበር የሄድኩት፣ ጎሚስታው አባት አንዴ ሲያዩኝ "ነይ ውረጂ ልጄ፣ እንዲህ እየነዳሽማ ጉልበትሽን ትጨርሺዋለሽ" አሉኝና ቡለኑን ፈተው ከፍ አደረጉልኝ። ልኩን ለማወቅ ግድግዳ ተደገፉና ኮርቻው ላይ ተቀመጡ፣ ተረከዛችሁን ፔዳሉ ላይ አድርጋችሁ ፔዳሉን እስከ መጨረሻ ወደ ታች አውርዱት፣ እግራችሁ ቀጥ ማለት አለበት። ስትነዱ ምትረግጡት በፊተኛው የእግራችሁ ክፍል ስለሆነ ያኔ ጉልበታችሁ ትንሽ እጥፍ ብሎ ይቀራል፣ ሚፈለገውም እሱ ነው። መጀመሪያ ከፍታው ያስፈራል፣ አውቃለሁ። ስትቆሙ ኮርቻው ላይ ሆናችሁ መሬት ለመንካት አትታገሉ፣ ፍሬን እየያዛችሁ ከኮርቻው ወደ ፊት ውረዱና በአንድ እግር ቁሙ፣ ሁለት ሶስቴ ከሞከራችሁት ይለመዳል። እኔ ያን ከሰዓት የወደድኩት ከዛች ደቂቃ ጀምሮ ነው ብል አላጋነንኩም፣ ሳይክሉ ሌላ ሳይክል ነው የሆነብኝ።

ጎማ ላይ ደግሞ ሁለት አይነት ሰው አለ፣ አንዱ ተንፍሶም ይነዳል፣ ሌላው ድንጋይ እስኪሆን ያስነፋዋል። ጎማው ጎን ላይ ብዙ ጊዜ ትንሹና ትልቁ የአየር ልክ ተፅፏል፣ እሱን አንብቡ። አስፋልት ላይ ጠንከር ያለ ጎማ ይቀላል፣ ግን ሐዋሳ ውስጥ ለውስጥ ከገባችሁ ኮብልስቶን ነው፣ እዛ ላይ በጣም የተነፋ ጎማ እጅና ወገብ ያንቀጠቅጣል፣ ስለዚ መሀል ላይ አድርጉት። ኮብልስቶን ላይ ክርናችሁን አታድርቁት፣ ከኮርቻው ትንሽ ነሳ በሉና ሳይክሉ ከስራችሁ እንደፈለገ ይንቀጥቀጥ።

የተዋሳችሁት ሳይክል ከሆነ ከመነሳታችሁ በፊት ፍሬኖቹን ቆማችሁ ሞክሩ፣ የትኛው እጅ የፊቱን እንደሚይዝ ከሳይክል ሳይክል ይለያያል። ቁልቁለት ላይ የፊቱን ብቻ ድንገት መያዝ በመሪው ላይ አሽቀንጥሮ ነው ሚጥለው፣ አሸዋ ላይ ደግሞ የፊት ጎማው ተንሸራቶ ይጥላችኋል።

አሁን ሰዓት። ብዙ ሰው ምሳ በልቶ 7 ሰዓት ላይ ይወጣል፣ ይሄ ስህተት ነው፣ ሐዋሳ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ለምድር ወገብም ቅርብ ናት፣ ነፋሱ ስለሚያቀዘቅዛችሁ ፀሐዩ አይታወቃችሁም እንጂ ማታ ላይ አንገትና ክንድ ይቃጠላል። 9 ተኩል አካባቢ ተነሱ፣ ኮፍያና ውሃ ያዙ። ሌላው ብዙ ሰው ማያስበው ነገር ሐይቁ ከከተማው በምዕራብ በኩል መሆኑ ነው፣ ከገብርኤል አደባባይ ሐይቁ ዳር ወዳለው ፍቅር ሐይቅ ሚባል ቦታ በዋናው መንገድ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ከወረዳችሁ ፀሐይዋ ፊት ለፊት አይናችሁ ውስጥ ናት፣ ከኋላችሁ ሚመጣውም የባጃጅ ሹፌር እናንተን ጥላ ብቻ ነው ሚያያችሁ። ስለዚ ቀደም ብላችሁ ውረዱ፣ ደመቅ ያለ ልብስ ልበሱ። ስትመለሱ ፀሐይዋ ከጀርባችሁ ትሆናለች፣ ለናንተ ምቾት ነው፣ ግን ከፊት ሚመጣው ሰው እየታወረ ስለሆነ ወደ ግራ ስትታጠፉ ያየኛል ብላችሁ እንዳትተማመኑ።

ባጃጅ ካነሳን አይቀር፣ የቆመ ባጃጅ አጠገብ ተጠግታችሁ አትለፉ፣ ተሳፋሪው ሳያይ ነው ሚወርደው፣ አንዳንዱ ሹፌርም ሰው ሲጠራው ያለ ፍሬቻ ይታጠፋል። የአንድ ክንድ ርቀት ተዉ። በግራ በኩል ከመኪና ፊት ለፊት መንዳት ደግሞ በፍፁም፣ ሚመጣውን አየዋለሁ ምትሉ ሰዎች እባካችሁ ተዉት፣ ከመስቀለኛ መንገድ ሚወጣ ሹፌር በዛ በኩል ሰው ይመጣል ብሎ አያይም።

ከባድ ማርሽ ላይ አድርጎ እየታገሉ መርገጥም ጉልበት ይጨርሳል፣ ቀለል አድርጉና ቶሎ ቶሎ እርገጡ። ማርሹን ፔዳሉን እያዞራችሁ ቀይሩት፣ ቆማችሁ ወይም ዳገት ላይ በሙሉ ሃይል እየረገጣችሁ ከሆነ ሰንሰለቱ ይወልቃል። ሴቶች፣ ነጠላና ረጅም ሻርፕ ቋጥሩት፣ ሰፊ ሱሪም ከሆነ ቀኝ እግሩን እጠፉት፣ ሰንሰለት ከያዘው አይለቅም።

ፌስታል መሪው ላይ አታንጠልጥሉ። ሚዛን ያስታል፣ ጎማ ውስጥም ይገባል፣ ሐይቁ ዳር ባለው አሞራ ገደል በኩል ከሄዳችሁ ደግሞ ጦጣዎቹ ሙዝ ያለበትን ፌስታል ገና ከሩቅ ያውቁታል።

እና አለመቆም፣ ይሄ ያሳዝነኛል። ሰው ስንት ኪሎሜትር ነዳሁ እያለ ስልኩን እያየ ሐይቁን ሳያይ ይመለሳል። ቁሙ እንጂ! እኔ የዛን ቀን አንድ ዛፍ ስር ሳይክሉን አጋድሜ ቁጭ ብዬ አባ ኮዳ ሚባሉት ትልልቅ ወፎች እንደ ሽማግሌ አንገታቸውን ሰብረው ሲቆሙ፣ ውሃው ከሰማያዊ ወደ ወርቅ ሲለወጥ አየሁ፣ ኖሬበት እንደዚህ አይቼው አላውቅም።

ግን ፀሐይ ከገባች በኋላ ዳር ዳሩን አትቆዩ፣ ጉማሬ ሲመሽ ለግጦሽ ከውሃ ይወጣል፣ በጨለማ ደግሞ ቅርብ መሆኑን ሚታወቃችሁ ስትደርሱበት ነው። እኛ ጋ ደግሞ ፀሐይ ስትገባ ቶሎ ነው ሚጨልመው፣ ከፊት ነጭ ከኋላ ቀይ መብራት ያስፈልጋል፣ የስልክ መብራት በእጅ ይዞ መንዳት መብራት አይደለም።

እኔ ቤት ስደርስ የአክስቴ ልጅ በሩ ላይ ቆሞ እየጠበቀኝ ነበር። "ጎማው ተነፋ?" አለኝ። ተነፍቷል አልኩትና ነገም ልውሰደው ወይ ብዬ ጠየኩት።