የተሰበረ የብስክሌት ራጂ፦ ከምልክቱ እስከ ጥገናው

ስትነዱ ከኋላ ጎማ በኩል «ቀጭ» የሚል ድምፅ ሰምታችሁ ወዲያው ቸርኬው (ላስቲኩ የሚቀመጥበት ክብ) መወላገድ ከጀመረ፣ ራጂ (ከጎማው መሐል እስከ ቸርኬው የተወጠረው ቀጭን ሽቦ) ተሰብሯል። ብዙ ሰው የተሰበረውን ብቻ ይቀይርና መንገዱን ይቀጥላል። ብዙም ሳይቆይ አጠገቡ ያለው ይሰበራል፣ ከዚያ ሌላኛው። ጥፋቱ የሚጣለው ራጂው ላይ ነው፤ «ጥራት የለውም» ይባላል። አንዳንዴ እውነት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ራጂ የሚሰበረው ከልክ በላይ ስለጠበቀ ወይም ስለቀጠነ ሳይሆን ስለላላ ነው።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ጎማው ሲዞር ከሞዞው (ራጂዎቹ ከሚነሱበት የጎማው እምብርት) ሥር፣ መሬት በኩል የሚደርሰው ራጂ ለአፍታ ይላላል፤ ወደ ላይ ሲወጣ ተመልሶ ይወጠራል። በደንብ የተወጠረ ራጂ ውጥረቱ ቢቀንስም ከቦታው ንቅንቅ አይልም። የላላው ግን በየዙሩ ሞዞው ቀዳዳ ውስጥ ወዲያና ወዲህ ይላል። ሽቦ በእጅ ደጋግመን ስናጣጥፈው እንደሚበጠሰው፣ እሱም ሞዞው ጋ ካለው መታጠፊያው ላይ ቀስ በቀስ ይሰነጠቅና አንድ ቀን ይለቃል። ከኋላ ሰው አፈናጥጦ ወይም ጄሪካን ጭኖ ኮብልስቶን ላይ የሚሄድ ብስክሌት ይህ ቶሎ ይደርስበታል፤ ከክብደቱ የሚበዛው የሚያርፈው የኋላው ጎማ ላይ ነውና።

መጀመሪያ የተሰበረበትን ቦታ እዩ

ሞዞው ላይ፣ መታጠፊያው ጋ ከተሰበረ ከላይ ያልነው መላላት ነው። ሌሎቹንም ራጂዎች ሁሉ መፈተሽ ያስፈልጋል።

በፒኞኑ (ካቴናው በሚዞርባቸው የኋላ ጎማ ጥርሶች) በኩል ከሆነና ራጂዎቹ ላይ የተፋቀ ወይም የተጫረ ምልክት ካለ፣ ካቴናው ከትልቁ ጥርስ አልፎ በፒኞኑና በራጂዎቹ መካከል ወድቆ ነበር ማለት ነው። ራጂው የሚሰበረው ከጭረቱ ላይ ነው። የማርሹን መገደቢያ ብሎን ካላስተካከላችሁ አዲሱም ይጫራል።

ቸርኬው አጠገብ፣ ዳዶው (ራጂውን ከቸርኬው ጋር የሚያስረው ትንሽ ብሎን) አፍ ላይ ከተሰበረ ራጂው አጥሮ ነበር፣ ወይም ዝገት በልቶታል። አጭር ራጂ ጥርሱ ዳዶው ውስጥ በቂ ቦታ አይዝም፤ ኃይሉ ሁሉ ጥቂት ጥርሶች ላይ ይወድቃል።

መሐል ለመሐል ከተበጠሰ ከውጭ የገባ ነገር ነው፦ እንጨት፣ የጭነት ገመድ፣ የነጠላ ጫፍ።

መንገድ ላይ ከሆናችሁ

የተሰበረውን አውጡት። ካልወጣ ፎርኬላውን (ጎማውን የያዘውን ሹካ) ወይም ካቴናውን እንዳይመታ አጠገቡ ባለው ራጂ ላይ ጠምጥሙት። የተሰበረው በቀኝ በኩል የነበረ ከሆነ ቸርኬው እዚያ ቦታ ላይ ወደ ግራ ይሄዳል፤ የሚስበው ጠፍቷልና። ስለዚህ ከግራና ከቀኙ ያሉትን፣ ከሞዞው ግራ ጎን የሚነሱትን ሁለት ራጂዎች ግማሽ ግማሽ ዙር አላሏቸው። ፍሬኑ አሁንም ከነካ ሩብ ዙር ጨምራችሁ አላሉ። ጭነቱን አውርዱ፤ የተፈናጠጠም ሰው ካለ ይውረድ። ይህ ቤት ወይም ጋራዥ ለመድረስ ብቻ ነው።

ትክክለኛውን ራጂ መግዛት

«የ26 ስጡኝ» ማለት አይበቃም። የቸርኬው መጠን አንድ ሆኖ ሞዞው ሲለያይ የራጂው ርዝመት ይለያያል። የተሰበሩትን ሁለት ቁራጮች ገጥማችሁ ከመታጠፊያው ውስጠኛ ጎን እስከ ጥርሱ ጫፍ በሚሊሜትር ለኩ። የራጂውን ራስ ጉልላት አትቁጠሩ። ማርሽ ባለው ብስክሌት የኋላ ጎማ ላይ የፒኞኑ ወገን ራጂ ከሌላው ወገን 2 ሚሊሜትር ያህል ሊያጥር ስለሚችል፣ ከተሰበረበት ወገን ብቻ ለኩ። የተለመደው ውፍረት 2 ሚሊሜትር ነው። ለጭነት ብስክሌት 2.3 ሚሊሜትርም ይገኛል፤ ግን የሞዞው ቀዳዳ ማሳለፉን አረጋግጡ፣ ዳዶውንም ከራጂው ጋር አብራችሁ ግዙ። የአንዱ ውፍረት ዳዶ ለሌላው አይሆንም።

መቀየር

ጎማውን አውርዱ (የኋላውን ጎማ ከፎርኬላው ጋር የሚያስረው ትልቁ ዳዶ ብዙውን ጊዜ በ15 ቁልፍ ይፈታል)። ነፋሱን አስተንፍሱ፤ የውጭውን ጎማ፣ ከመነዳሪውንና ቸርኬው ላይ የተጠመጠመውን ጨርቅ አውጡ። የተሰበረው በፒኞኑ ወገን ከሆነ ፒኞኑ በፒኞን መፍቻ መውጣት አለበት፤ አለበለዚያ ራጂው ቀዳዳው ውስጥ አይገባም። መፍቻ ከሌላችሁ መካኒክ ጋ ወስዳችሁ አስፈቱ፤ በመዶሻና በካቻቢቴ መምታት ፒኞኑንም ሞዞውንም ያበላሻል።

አሁን በደንብ ተመልከቱ። በ36 ራጂ ጎማ በሞዞው አንድ ወገን 18 ራጂ አለ፤ አንዱ ራሱ ወደ ውጭ፣ ቀጣዩ ራሱ ወደ ውስጥ እየሆነ ይፈራረቃል። አዲሱ የሚመስለው አንድ ቀዳዳ ዘሎ ያለውን ነው። ቸርኬው ላይ ደግሞ አቻው በአራተኛው ቀዳዳ ላይ ይገኛል። እሱ ስንት ራጂ እንደሚያቋርጥ፣ በየትኛው ላይና በየትኛው ሥር እንደሚያልፍ ቆጥራችሁ አስመስሉት። ብዙውን ጊዜ ሦስት ያቋርጣል፤ ሦስተኛውን በተቃራኒው ጎን ያልፋል። ራጂው እንዲያልፍ ቀስ ብሎ ቢለመጥ ግድ የለም፤ አንድ ቦታ ላይ እንዳይሰበር እንጂ።

ጥርሱን ትንሽ ዘይት አስነክታችሁ ዳዶውን በእጅ አስገቡ፤ ከዚያ አጠገቡ ያሉት እስከያዙት ድረስ አጥብቁ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ከጎማው በኩል በካቻቢቴ ስታጠብቁ እንደማንኛውም ብሎን ወደ ቀኝ ነው። ከሞዞው በኩል ሆናችሁ በራጂ ቁልፍ ስታዞሩ ግን አቅጣጫው ተገልብጦ ወደ ግራ ይታያችኋል። ካምታታችሁ ከማጥበቅ ይልቅ ታላላላችሁ፣ ቸርኬውም ይብስ ይጣመማል።

ማቃናት

ብስክሌቱን ገልብጣችሁ ጎማውን አስሩ። የፍሬኑን ጎማ እንደ መለኪያ ተጠቀሙበት፤ ፍሬን ከሌለው ፎርኬላው ላይ የፕላስቲክ ማሰሪያ አስራችሁ ጫፉን ቸርኬው አጠገብ አቁሙት። ጎማውን ቀስ አድርጋችሁ አዙሩ። ቸርኬው ወደ ግራ በሚሄድበት ቦታ የቀኙን ራጂ ሩብ ዙር አጥብቁ፣ የግራውን ሩብ ዙር አላሉ። ከዚያ በላይ በአንዴ አትዙሩ። መጀመሪያ ትልቁን ጥምዝ፣ ቀጥሎ ትንሹን አስተካክሉ። ልዩነቱ ከ1 ሚሊሜትር ከወረደ በቂ ነው።

ግን ቸርኬው ቀጥ ማለቱ ብቻ ሥራው አልቋል ማለት አይደለም። ራጂዎቹን እንደ ክራር ጅማት በጣት ንኳቸው። በአንድ ወገን ያሉት ተቀራራቢ ድምፅ መስጠት አለባቸው። ወፍራም፣ የሞተ ድምፅ የሚሰጠው ላልቷል፤ ቀጣዩ የሚሰበረውም እሱ ነው። የኋላ ጎማ የፒኞኑ ወገን ከሌላው ይልቅ ቀጭን ድምፅ ቢሰጥ ጤነኛ ነው፤ ቸርኬውን መሐል ለማቆም ያ ወገን ይበልጥ መወጠር አለበትና።

ስታጠብቁ ራጂው ራሱ ከዳዶው ጋር እንደ ገመድ ሊጠመዘዝ ይችላል። ስትነዱ ይፈታና ያቃናችሁት ይበላሻል። መፍትሄው ከሚፈለገው ትንሽ አሳልፎ አዙሮ ያንኑ ያህል መመለስ ነው። ሲያልቅ ጎን ለጎን የቆሙትን ራጂዎች ጥንድ ጥንድ አድርጋችሁ በመዳፍ ጠበቅ አድርጋችሁ ጨምቁ። ጭር ጭር የሚል ድምፅ ከተሰማችሁ የተጠመዘዙት እየተፈቱ ነው። እንደገና አዙራችሁ እዩ፣ አስተካክሉ።

የራጂውን ጫፍ ከዳዶው ራስ በላይ ወጥቶ ካገኛችሁት በሞረድ አስተካክሉ። ካልሆነ ከመነዳሪውን ከውስጥ በኩል ይበሳዋል፤ ቀዳዳው ከመንገዱ ሳይሆን ከቸርኬው ወገን ከሆነ መጀመሪያ የምትጠረጥሩት ይህን ነው።

ዳዶው አልዞር ካለ

ዝገት ይዞታል። ዘይት ወይም ነጭ ጋዝ ጠብታ አድርጋችሁ ለሰዓታት ተዉት። በፒንሳ አትጨብጡት፤ ጠርዙ ይከብባል። ቁልፉ ልክ የሆነው መሆን አለበት፤ የዳዶው ጎን ብዙውን ጊዜ ከ3.2 እስከ 3.45 ሚሊሜትር ይለያያል፣ የሰፋ ቁልፍ ይበላዋል። ፈጽሞ ካልዞረ ራጂውን ቆርጣችሁ ሁለቱንም ቀይሩ።

ራጂ ደጋግሞ ከተሰበረ

በአጭር ጊዜ ውስጥ በአንድ ጎማ ላይ ሦስት ከተሰበረ አንድ አንድ እየቀየራችሁ ገንዘብ አትጨርሱ። የቀሩትም ያንኑ ድካም ተሸክመው የቆዩ ናቸው። ቸርኬውና ሞዞው ጤነኛ ከሆኑ ሁሉንም ራጂ ከነዳዶው ቀይራችሁ ጎማውን እንደ አዲስ አሠሩት። የራጂ ቀዳዳዎቹ ዙሪያ ስንጥቅ ካለ ግን ቸርኬው ራሱ መጣል አለበት።

ከጥገናው በኋላ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ከተነዳ ራጂዎቹን እንደገና በጣት ንኩና የላላውን ሩብ ዙር ጨምሩበት።