ከጣና ጉዞ ማስታወሻ እንዴት ይገዛል፣ እንዴትስ ሳይበላሽ ቤት ይደርሳል?

ባሕር ዳር ደርሶ ባዶ እጁን የሚመለስ ሰው ለቤተሰቡ መልስ የለውም። «ጣና ድረስ ሄደህ ምን ይዘህልን መጣህ?» መባሉ አይቀርም። ችግሩ፣ አብዛኛው ሰው ነገሩ ትዝ የሚለው ሻንጣ ሲዘጋ ነው። ያኔ ሮጥ ብሎ ከሆቴሉ በራፍ የቁልፍ መያዣ ወይም ፍሪጅ ላይ የሚለጠፍ ነገር ይገዛል። ይሄ ደግሞ አዲስ አበባም ሞልቷል። ቀድማችሁ ካሰባችሁበት ግን በዚያው ብር ሐይቁ ዳር የተሠራ ነገር፣ ከሠራው ሰው እጅ መግዛት ትችላላችሁ።

ከመሳፈር በፊት

ዝርዝር ብር ያዙ። ደሴት ላይ ትልቅ ብር የሚመነዝር ሻጭ ማግኘት ፈተና ነው። ኔትወርኩ እንደ ፈቀደው ስለሚመጣና ስለሚሄድ፣ ቴሌብር አለኝ ብላችሁም አትዘናጉ። ሰፊ ዘንቢል፣ የተነበበ ጋዜጣ፣ አንድ አሮጌ ነጠላ ወይም ፎጣ፣ ሁለት ባዶ ሃይላንድ። የሃይላንዱን ነገር ኋላ ታዩታላችሁ።

በጠዋት ውጡ። ጣና ጠዋት ጸጥ ይላል፣ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሳና ጀልባው ውኃ ይረጫል። እናንተ ብትረጥቡ ትደርቃላችሁ፣ ብራና ግን እንዲህ አይደለም።

ዘጌ፣ ገዳማት ያሉበት ወደ ሐይቁ የገባ ምድር፣ ከባሕር ዳር በጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። የደሴት ገዳማቱ ዳጋ እስጢፋኖስና ናርጋ ሥላሴ ከዚያ በጣም ይርቃሉ። ሁሉንም በአንድ ቀን ካሰባችሁ ሩቁን አስቀድሙና ዘጌን ለመመለሻ ተዉት። ገበያው ያለው ዘጌ ነው፤ ዕቃ ተሸክሞ ደሴት ለደሴት መዞር ደግሞ ትርፉ ድካም ነው። ሴቶች ካላችሁ፣ ዳጋ እስጢፋኖስና ክብራን ገብርኤል ሴት እንደማይገባባቸው አስቀድማችሁ አስቡበት።

ዘጌ ላይ፦ ስትወጡ እዩ፣ ስትወርዱ ግዙ

ከጀልባው ማረፊያ እስከ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ያለው መንገድ በቡና ጥላ ሥር ነው፤ ግራና ቀኙ ደግሞ ሻጭ። የመጀመሪያው ሻጭ ዋጋ ሁሌም የውድ ውድ ነው። እጃችሁን ሰብስባችሁ ውጡ፣ ዋጋ ጠይቁ፣ ቤተ ክርስቲያኑን ተሳለሙ፣ ስትመለሱ ግዙ። «ስመለስ እገዛለሁ» ያላችኋት ልጅ ግን መልካችሁን አትረሳም። ካላሰባችሁት ቃል አትስጡ።

ክርክር ነውር አይደለም። ሁለት ሦስት ጊዜ ዝቅ ከፍ በሉና ጨርሱ። አንድ ሰው ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ የሠራውን ዕቃ በግማሽ ማኪያቶ ዋጋ ካልወሰድኩ ብሎ ድርቅ ማለት ግን ደስ አይልም።

ታንኳው

ከጣና አንድ ነገር ብቻ ውሰዱ ብባል ትንሿን የደንገል ታንኳ እመርጣለሁ። ለመምረጥና ለመያዝ አስቸጋሪዋም እሷው ናት፣ ስለዚህ እዚህ ላይ ትንሽ ታገሡኝ።

ደንገል ሐይቁ ዳር የሚበቅለው ረጅሙ ሳር ነው። ትልቁ ታንኳ ከእሱ ይታሰራል፣ ትንሹም እንዲሁ። ሙያው ከጥንት ጀምሮ የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ ነው። ባሕር ዳር ከተማ ሐይቁ ዳር የሚኖሩ አሉ፤ ከቻላችሁ ከእነሱ እጅ ግዙ። ሲሠራ ቁጭ ብሎ ማየትም አለ፦ ደንገሉን በጉልበታቸው ጫን አድርገው፣ ማሰሪያውን በጥርስ ይዘው ሳብ ሲያደርጉት ደንገሉ ሲጢጥ ይላል።

ችግሩ እርጥበት ነው። ሻጩ ቱሪስት መጣ ሲባል ትናንት የተሠራውንም ያወጣል፤ አይፈረድበትም። ከውጭ ቢጫ ሆኖ የደረቀ ይመስላል፣ ውስጡ ግን ገና ነው። ስለዚህ በዓይን አትግዙ። መጀመሪያ አንሱት። የደረቀ ደንገል እጅ ላይ ክብደት የለውም፤ ከበድ ካለ ውኃ ይዟል። ቀጥሎ ወፍራሙን ቦታ፣ ወገቡ ላይ፣ በአውራ ጣት ጫን በሉት። ደረቁ ቶሎ ይመለሳል፣ እርጥቡ ጎድጎድ እንዳለ ይቀራል። ከዚያ ጭራው ላይ የተቆረጠውን ጫፍ እዩ፦ ነጭና ስፖንጅ መሳይ ከሆነ ጥሩ፣ አረንጓዴ ነገር ካለው ተዉት። በመጨረሻ አሽትቱት። የረግረግ ሽታ ካለው አልደረቀም ማለት ነው። ማሰሪያው ልጥ ከሆነ ደግሞ እሰየው፤ ሲባጎም ቢሆን ዕቃውን አይጎዳም፣ መልኩን ግን ያበላሻል።

እርጥቡን ከወደዳችሁት ግዙት፣ ግን ፌስታል ውስጥ እንዳታስገቡት! አንዲት የአዲስ አበባ እንግዳችን «እንዳይቆሽሽብኝ» ብላ በሁለት ፌስታል ጠቅልላ ሻንጣዋ ውስጥ ከተተችው። ቤቷ ደርሳ ስትከፍተው ታንኳው ጥቁር ሻጋታ ለብሷል፣ አጠገቡ የነበረው ነጭ ቀሚስም አብሮ ሄዷል። ደንገል መተንፈስ አለበት። በጋዜጣ ጠቅልሉት፣ ጋዜጣው ሲረጥብ ቀይሩት። ሆቴል ስትደርሱ ፍቱትና ነፋስ የሚያገኘው ጥላ ላይ አስቀምጡት፣ ጠዋትና ማታ አገላብጡት። ለማፍጠን ብላችሁ ፀሐይ ላይ አታስጡት፤ ላዩ ይሰነጠቃል፣ ማሰሪያውም ይላላል።

ሌላው ቀድሞ የሚሰበረው ሽቅብ የተቀለበሰው ጫፉ ነው። ሆዱ ውስጥ ካልሲ ጠቅጥቁበት፣ ጫፉን በነጠላ ደግፉት፣ አውሮፕላን ላይ ከሆናችሁ በእጃችሁ ያዙት። ሻንጣ ውስጥ ገብቶ ጫፉ ሳይሰበር የወጣ ታንኳ አላየሁም።

ብራናና ሥዕል

ብራና ቆዳ ነው፤ አብዛኛው የፍየል ነው። ወደ ብርሃን አንሱትና እዩት፤ ፀጉሩ የነበረበት ቦታ ነቁጥ ነቁጥ ሆኖ ይታያል፣ ውፍረቱም አንድ ወጥ አይደለም። ዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ከሆነ ወረቀት ነው ብላችሁ ጠርጥሩ።

ሥዕሉን ስትመርጡ ዓይንና ጣት እዩ። በአገራችን ቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቁ ፊቱ ሙሉ፣ በሁለት ዓይን ይሣላል፤ ክፉው በጎን፣ በአንድ ዓይን። ይህን ያልጠበቀ ሠዓሊ ቸኩሏል። ብራናውን አትጠፉት፣ ጠቅልሉት። ጨርቅ መሸጫ ሱቅ ገብታችሁ ጣቃው የሚጠቀለልበትን የካርቶን ቱቦ ለምኑ፤ በነፃ ይሰጧችኋል።

«የጥንት ነው» ያላችሁን ሰው ግን ሽሹት። ብዙውን ጊዜ ጭስ የጠጣ አዲስ ሥራ ነው። እውነት የጥንት ከሆነ ደግሞ የባሰ፣ ምናልባት ከአንዱ ገዳም ተሰርቆ ይሆናል። የላሊበላው አፍሮ አይገባ መስቀል በ1989 ተሰርቆ ቤልጂየም ድረስ እንደሄደ አትርሱ። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት ክልክል ነው። ኤርፖርት ላይ መስቀልና ብራና ያስወጡና ያያሉ። አዲስ መሆኑን የሚያሳይ ደረሰኝ ካላችሁ ጭቅጭቁ ያጥራል።

ሃይላንዱና እምነቱ

የፈረንጅ መመሪያ መጽሐፍ ይህን ከማስታወሻ አይቆጥረውም፤ የእኛ እናቶች ግን ከዚህ ሌላ አይፈልጉም። ጸበል ባለበት ገዳም ፈቃድ ጠይቃችሁ ሃይላንዳችሁን ሙሉ፣ እምነት (የተባረከ አፈር ወይም አመድ) ካለ በወረቀት አስቋጥሩ። ሃይላንዱ ላይ የገዳሙን ስም ጻፉበት፤ ሁለት ሦስት ቦታ ከቀዳችሁ ኋላ የቱ የየትኛው እንደሆነ አታውቁትም። ከቤተ ክርስቲያን ግቢ ያለ ፈቃድ ምንም አታንሱ፣ ድንጋይም ቅጠልም።

ቡና፣ ጌሾ፣ የቀረው

እንደ ጥንቱ ደንብ ዘጌ ላይ በበሬ አይታረስም። ኑሮው ቡና፣ ጌሾና ሎሚ ነው። ቡናውን በጥሬው ግዙ፤ ተቆልቶ የተፈጨ ቡና የየት እንደሆነ በምን ይታወቃል? እፍኝ ዝገኑና ሰባራና ነቀዝ የበላው መኖሩን እዩ። ጠላ የምትጠምቅ አክስት ያለው ሰው ከቡናም በላይ በጌሾ ይመሰገናል።

መሶብና አገልግል ለመግዛት የባሕር ዳሩ ቅዳሜ ገበያ ይሻላል፣ ጀልባ አያስፈልገውም።

ዕቃው ውጭ አገር ላለ ዘመድ የሚሄድ ከሆነ አንድ ነገር ልጨምር። ታንኳው ዕፅዋት ነው፣ ብራናው የእንስሳ ቆዳ ነው፣ ጥሬ ቡናም ዘር ነው። እንደ አውስትራሊያ ያሉ አገሮች እነዚህን ይዞ የገባ ሰው በቅጹ ላይ እንዲያሳውቅ ያስገድዳሉ፤ ዝም ብሎ ያለፈ ይቀጣል። ለመንገደኛው ስትሰጡት ውስጡ ምን እንዳለ ንገሩት፣ «ትንሽ ዕቃ ናት» ብላችሁ አሽጋችሁ አታሸክሙት።