የወፍ ዋሻን ደን ዞሮ ቤት ማረፍ፦ ጸጥ ያለ የገጠር ቀን እንዴት ይዋላል?

በአንኮበር በኩል ዘመድ ያለው ሰው ዕድለኛ ነው። ጥድ፣ ዝግባ፣ ወይራና ኮሶ የተቃቀፉበት የወፍ ዋሻ ደን እዚያው ገደሉን ተደግፎ ይገኛል። በ15ኛው ክፍለ ዘመን፣ በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ጊዜ፣ መናገሻ ላይ የተተከለው ጥድ ዘሩ ከዚህ እንደተወሰደ ይነገራል። ደኑን አይቶ የዚያኑ ዕለት ወደ አዲስ አበባ መሮጥ ግን አይመከርም። ግማሹ ቀን የደኑ፣ ግማሹ የቤቱ ነው።

መጀመሪያ ቀኑን ይምረጡ። ሐምሌና ነሐሴ ጭቃው ጫማ ይነጥቃል፤ ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ጊዜ ይሻላል፤ ሌሊቱ ውርጭ ስለሆነ ጋቢ አይርሱ። ከአየሩ ይልቅ ግን የባለቤቶቹን ሥራ ያስቡ። እነርሱ አጨዳና ውቂያ ላይ ሆነው እርስዎ መደብ ላይ ቢጋደሙ ዕረፍቱ ዕረፍት አይሆንም። ስለዚህ ሰንበትን ወይም ሰው እርሻ የማይነካበትን በዓል ይምረጡ፤ በወሩ 12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ27 መድኃኔ ዓለም አለ። ያን ቀን መቀመጥ ነውር የለበትም።

ከዋዜማው የተለማመዱትን ጫማ፣ ወፍራም ካልሲ፣ ሁለት ሊትር ውኃና አንድ እፍኝ ቆሎ ያዘጋጁ። ደኑ ጠባቂ ስላለው አስቀድመው ያስጠይቁ፤ መንገዱን የሚያውቅ የአካባቢው ወጣት ቢመራዎትም መልካም ነው፤ የድካሙን ይክፈሉት።

ከጠዋቱ 1 ሰዓት ይውጡ። ከፍታው ትንፋሽ ያሳጥራልና እያወሩ መሄድ እስኪችሉ ድረስ ቀስ ይበሉ። ሰው የሚሳሳተው ከዚህ በኋላ ነው፦ ይራመዳል፣ ይራመዳል፣ ምንም ሳያይ ይመለሳል። እርስዎ ግን ግማሽ ሰዓት ያህል ከሄዱ በኋላ አንድ የወደቀ ግንድ ላይ ይቀመጡና ዝም ይበሉ። ጉሬዛዎቹ ጠዋት ከዛፍ ጫፍ ላይ ነጭ ካባቸውን ለፀሐይ ሰጥተው ይቀመጣሉ። ከቁጥቋጦው ውስጥ ውሻ የጮኸ ቢመስልዎት አይደንግጡ፤ ድኩላ ሲሰጋ ልክ እንደዚያ ይጮኻል። ጭላዳን እዚህ አይፈልጉት፤ እርሱ ሣር በሊታ ስለሆነ ከገደል አፋፍ ካለው ሜዳ አይርቅም። ሙዚቃ የሚያሰማ ሰው አብሮዎት ካለ ቤት ትተውት ይምጡ።

ሲቀመጡም ሆነ ሲደገፉ ሳማ አለመኖሩን አይተው ይሁን።

6 ሰዓት ላይ ፊትዎን ወደ ቤት ያዙሩ። ከሰዓት በኋላ ጉሙ ከቆላው ሽቅብ ይወጣል። እኔ አንድ ዓመት ከቀትር በኋላ ገብቼ ጉሙ ሲዘጋብኝ፣ መንገድ የመሰለኝ ሁሉ የከብት ዱካ ሆኖ ተገኘ። ያወጣኝ አንድ ትንሽ እረኛ ነው፤ ልጁን እንኳ በቅጡ ሳላየው የጅራፉን ድምፅ ተከትዬ ወጣሁ።

ቤት ሲደርሱ ዘለው አይግቡ። ከአጥሩ ውጭ ቆመው «ቤቶች!» ብለው ይጣሩ፤ ውሻው የዘመድ ልጅ መሆንዎን አያውቅም። እግርዎን ለብ ባለ ውኃ ይታጠቡ፤ ልጅ ላጥብዎት ካለ ደግሞ አይከልክሉት፤ ወጉ ነው። ምሳው የቀረበው ይሁን፤ ረቡዕና ዓርብ ከሆነ ሽሮ ነው። ከዚያ ጋቢ ተከናንበው መደቡ ላይ አንድ እንቅልፍ ይውሰዱ።

ቡናው ሲቆላ ሽታው ራሱ ይቀሰቅስዎታል። አቦሉን ጠጥቶ ለመነሳት መቁነጥነጥ የከተማ አመል ነው፤ ቶናው ይቀጥላል፤ በረካው ሲደርስ ጀበናው ቀጥኖ ወሬው ወፍሯል። ስለ ደኑ የሚጠይቁት ካለ አሁን ይጠይቁ፤ የትኛው ዛፍ መቼ እንደወደቀ የሚያውቁት አያት ያኔ ነው የሚናገሩት።

ማታ ጫማዎ ረጥቦ ከሆነ ውስጡን በጭድ ሞልተው ከምድጃው ራቅ አድርገው ያስቀምጡት። እሳት አጠገብ ያደረ ቆዳ በማግስቱ ይሰነጠቃል።