በቮልስ ቺንጋና በዲናሞ ፑሊ ላይ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ቮልስ የሚነዳ ሰው ጋራዥ አያጣም። ቮልስን የሚያውቅ መካኒክ ማግኘት ግን ከዓመት ዓመት እየከበደ ነው። ዕድሜውን ሙሉ የሌላ መኪና ቺንጋ (የሞተሩን የጎማ ቀበቶ) ሲቀይር የኖረ ባለሙያ የቮልስን የኋላ ኮፈን ሲከፍት የሚሠራው ስህተት አብዛኛውን ጊዜ መነሻው አንድ ነው። ቺንጋው ባትሪ ለመሙላት ብቻ የተቀመጠ ይመስለዋል።

ቮልስ ራዲያተር የለውም። ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው አየር ነው። አየሩን የሚገፋው ቬንትሌተር ደግሞ የታሰረው ከራሱ ከዲናሞው ዘንግ ጫፍ ላይ ነው። ቺንጋው ዲናሞውን ያዞራል፣ ዲናሞው ቬንትሌተሩን። ቺንጋው ከተበጠሰ ባትሪ መሙላቱም ማቀዝቀዙም አብረው ይቆማሉ። በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከዲናሞ ወደ አልተርኔተር የተሸጋገሩትም አሠራራቸው ያው ነው።

ቀይ መብራት እየበራ "እቤት ታድርሰኝ" ማለት

ከሁሉም የከፋው ይሄ ነው። በሌላ መኪና የባትሪው መብራት ሲበራ ቀስ ብሎ መድረስ ይቻል ይሆናል። በቮልስ ግን ወዲያው ዳር ይዘው ሞተሩን ያጥፉ፣ ከዚያ ኮፈኑን ይክፈቱ። ቺንጋው በቦታው ካለ፣ ካልላላና በደንብ የሚዞር ከሆነ ችግሩ የዲናሞው ካርቦን ወይም ሬጉሌተሩ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ከሆነ ቀን ከሆነና ባትሪው ደህና ከሆነ አቅራቢያዎ ያለ ጋራዥ ይደርሳሉ። ቺንጋው ከተበጠሰ ወይም ከወጣ ግን ቁልፉን አያዙሩት። አንድ ዳገት ብቻ ሞተር ሊያስነክስ ይችላል። በቀድሞዎቹ ሞዴሎች ላይ የዘይት ማቀዝቀዣው ከቬንትሌተሩ ቆርቆሮ ውስጥ ስለሚቀመጥ ለ3ኛው ሲሊንደር የሚደርሰውን አየር ይቀንስበታል። ስለዚህ ቀድሞ የሚጎዳው እሱ ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ መሆኗንም አይርሱ። አየሩ ስስ ነውና ቬንትሌተሩ ሙሉ ፍጥነቱን ማጣት የለበትም።

ዲናሞውን ገፍቶ ቺንጋ ለማጥበቅ መሞከር

በሌሎች መኪኖች አልተርኔተሩን አላልቶ፣ በብረት ገፋ አድርጎ ማሰር የተለመደ ነው። የቮልስ ዲናሞ ግን መቆሚያው ላይ በቀበቶ ብረት የታሰረ ነው። ወዲያና ወዲህ አይልም። የቺንጋው ውጥረት የሚስተካከለው በፑሊው (ቺንጋው በሚገባበት ባለ ቦይ ክብ ብረት) ውስጥ ባሉት ስስ ሮንዴላዎች ነው።

የላይኛው ፑሊ ሁለት ግማሾች አሉት። በመካከላቸው ሮንዴላዎች ይገባሉ። አንድ ሮንዴላ ከመካከል ሲወጣ ግማሾቹ ይቀራረባሉ፣ ቦዩ ይጠባል፣ ቺንጋው ወደ ላይ ይወጣል፣ ይጠብቃል። ሮንዴላ ሲጨመር ይላላል። ይህን ገልብጦ የሚሠራ ብዙ ነው። ቺንጋው ላላ ብሎ ሮንዴላ ይጨምርና ጭራሽ ሲንሸራተት ግራ ይገባዋል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሞተሩ ጠፍቶ በደንብ ይቀዝቅዝ። በፑሊው የውስጥ ግማሽ ላይ ቁረጥ ያለች ቦታ አለች። እዚያ ጠንካራ ካቻቢቴ አስገብተው ከዲናሞው የላይኛው ብሎን ጋር ያስደግፉት። ፑሊው አይዞርም። በ21 ቁልፍ ዳዶውን ይፍቱ፣ የውጭውን ግማሽ ያውጡ፣ አንድ ሮንዴላ ያንሱ። ያነሱትን ግን አይጣሉት፣ ኪስዎም ውስጥ አይክተቱት። ከውጭው ግማሽ ፊት፣ ከዳዶው ሥር መልሰው ያስገቡት። ነገ አዲስ ቺንጋ ሲገዙ ያቺው ሮንዴላ ወደ መካከል መመለስ አለባት። ብዙ አሮጌ ቮልሶች ላይ ሮንዴላዎቹ ጎድለው የሚገኙት አንዱ መካኒክ "ትርፍ ናት" ብሎ ስለጣላት ነው።

ዳዶውን ሲያጠብቁ በአንድ ትንፋሽ አይጨርሱት። ትንሽ አጥብቀው ፑሊውን ያዙሩት፣ እንደገና ትንሽ ያጥብቁ። እንዲህ ካልሆነ ቺንጋው በሁለቱ ግማሾች መካከል ይነከሳል። የጠበቀ ይመስላል፣ መኪናው ሲነሳ ግን ይላላል፣ ቺንጋውም ጠርዙ ተበልቶ ይቀራል።

ቺንጋውን በካቻቢቴ ፈልቅቆ ማስገባት

ፑሊው የሚፈታ ሆኖ ሳለ ለምን እንደሚታገሉ አይገባኝም። ሲፈለቅቁ በቺንጋው ውስጥ ያለው ክር ይበጠሳል፣ ከውጭ ግን አይታይም። የፑሊውም ጠርዝ ይጣመማል። አዲስ ቺንጋ በአጭር ጊዜ የሚበጠሰው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው።

"ይጥበቅ፣ ይጥበቅ" ማለት

ሞተሩ ጠፍቶ በሁለቱ ፑሊዎች መካከል ቺንጋውን በአውራ ጣት ይጫኑት። ከ10 እስከ 15 ሚሊ ሜትር ያህል ሊገባ ይገባል። ከዚያ ያነሰ ከሆነ የሚጎዳው የዲናሞው ኩሽኔታ ነው። ኩሽኔታው ሲላላ ዘንጉ ይወላገዳል፣ ቬንትሌተሩም ቆርቆሮውን መፋቅ ይጀምራል። አንድ ሮንዴላ ወደ መካከል አለመመለስ ያመጣው ችግር ዲናሞ እስከ ማስወረድ ይደርሳል። ድምፅ ከሰሙ ቺንጋውን አውጥተው ፑሊውን በእጅዎ ያዙሩት። ከሻከረ ወይም ወደ ጎን ከተወዛወዘ ጥፋቱ የቺንጋው አይደለም።

ለሚጮህ ቺንጋ ሳሙና ወይም ዘይት መቀባት

ጩኸቱ ለጊዜው ይጠፋል፣ መንሸራተቱ ግን ይብሳል። ሲንሸራተት ቬንትሌተሩ በሚገባው ፍጥነት አይዞርም፣ እርስዎም ምልክቱን አይሰሙትም። ቺንጋው ዘይት ከነካው ይቀይሩት፣ ዘይቱ ከየት እንደመጣም ይፈልጉ።

በዓይን ለክቶ መግዛት

ሶማሌ ተራ ገብተው "የቮልስ ቺንጋ" ካሉ የሚሰጥዎት አያጡም። ግን ጀርባው ላይ የተጻፈውን ቁጥር ያንብቡ። በተለምዶ ዲናሞ ያላቸው 905 ሚሊ ሜትር፣ አልተርኔተር ያላቸው ደግሞ ሰፋ ያለና 912 ሚሊ ሜትር ቺንጋ ይጠቀማሉ። ከገዙ በኋላ አንዴ በእጅዎ አጠፍ አድርገው ይዩት። ስንጥቅጥቅ ካለ ብዙ ዓመት መደርደሪያ ላይ የቆየ ነው፣ ይመልሱት። ሁሉም ሮንዴላ ከመካከል ወጥቶም የሚላላ ከሆነ ወይ ተለጥጧል፣ ወይ ልኩ አይደለም። ቺንጋው የቦዩን ወለል የሚነካ ከሆነም እንዲሁ። መያዝ ያለበት በጎንና ጎኑ ነው።

በተበላሸ ፑሊ ላይ አዲስ ቺንጋ ማሰር

የቦዩን ግድግዳ በጣትዎ ይዳስሱ። የተቦረቦረ፣ ዝገት የያዘ ወይም ጠርዙ የተሸረፈ ፑሊ አዲሱን ቺንጋ እንደ ሞረድ ይበላዋል። ፑሊውን ከዘንጉ ጋር የምታስረዋን ትንሽ የብረት ቁራጭም አውጥተው ይዩ። ካረጀች ፑሊው ይወዛወዛል። ለውበት ተብለው የሚሸጡትን የሚያብረቀርቁ ፑሊዎች እኔ አልመክርም። በተለይ ከሥር የሚገባው ከፋብሪካው ያነሰ ከሆነ ቬንትሌተሩን ያዘገየዋል።

አዲስ ቺንጋ መጀመሪያ ላይ ይለጠጣል። ስለዚህ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ከነዱ በኋላ እንደገና በአውራ ጣት ይለኩት፣ ከላላም አንድ ሮንዴላ ያንሱ። ያወጡት አሮጌ ቺንጋ ካልተሰነጠቀ ከ21 ቁልፍና ከካቻቢቴ ጋር የፊት ሻንጣ ውስጥ ይቀመጥ።