«ታዲያ እግዚአብሔርን ማን ፈጠረው?» እና ሌሎች በክርክር ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

ስለ ሀልዎተ እግዚአብሔር፣ ማለትም ስለ እግዚአብሔር መኖር፣ የሚደረግን ክርክር በዳኝነት የሚከታተል ሰው፣ ክርክሩን የሚያበላሸው የንባብ ማነስ ብቻ ነው ብሎ አይደመድምም። ብዙ ያነበቡ ሰዎችም ተመሳሳይ ስህተት ይሠራሉ። ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ አንድ ነው፦ ተከራካሪው የሚደግፈውን ወይም የሚያፈርሰውን ሙግት መነሻ ሐሳቦች አንድ በአንድ ሳይመረምር ወደ ድምዳሜው ይሮጣል።

ትዕግሥት የሚያስጨርሰው ስህተት ይህ ነው። አማኙ ይነሣና «ማንኛውም ነገር ምክንያት አለው፤ ስለዚህ ዓለምም ምክንያት አለው፤ እርሱም እግዚአብሔር ነው» ይላል። ኢ-አማኒው ፈገግ ብሎ «ታዲያ እግዚአብሔርን ማን ፈጠረው?» ሲል ይመልሳል፤ አዳራሹ ያጨበጭባል፤ ሁለቱም ተሳስተው ይቀመጣሉ። «ማንኛውም ነገር ምክንያት አለው» የሚለው መነሻ በመካከለኛው ዘመን ሙስሊም ሊቃውንት በኢብን ሲናም፣ በአል-ገዛሊም፣ በክርስቲያኑ ፈላስፋ በቶማስ አኩዊናስም ሙግት ውስጥ የለም። አል-ገዛሊ የሚለው መኖር የጀመረ ነገር ሁሉ ለመጀመሩ ምክንያት ይሻል ነው። ኢብን ሲና የሚነሣው ሊኖርም ላይኖርም ከሚችል ነገር ነው፤ እንዲህ ያለ ነገር መኖሩን ከራሱ ባሕርይ ስለማያገኝ ከሌላ ይቀበላል፤ የተቀባዮቹ ጠቅላላ ድምርም ቢሆን መኖሩ ግድ በሆነ አንድ ህላዌ ላይ ካልቆመ አይጸናም ይላል። አኩዊናስም ስለሚንቀሳቀስና ስለሚለወጥ ነገር እንጂ ስለ ማንኛውም ነገር አልተናገረም። እንግዲህ «እርሱንስ ማን ፈጠረው?» የሚለው ጥያቄ የሚመታው አማኙ በስንፍና የጠቀሰውን እንጂ ፈላስፎቹ የጻፉትን አይደለም።

ይህን ስል ሙግቶቹ አሸናፊ ናቸው ማለቴ አይደለም። መኖር የጀመረ ነገር ሁሉ ምክንያት እንደሚሻ በምን አወቅን? መኖሩ ግድ የሆነው ነገር ራሱ ዓለም መሆን ለምን አይችልም? እነዚህ ጠንካራ ጥያቄዎች ናቸው። በደካማውና በጠንካራው ተቃውሞ መካከል ያለውን ርቀት በአንድ ሰው ሕይወት ማየት የሚፈልግ ብሪታኒያዊውን ፈላስፋ በርትራንድ ራስልን ይመልከት። እ.ኤ.አ. በ1927 ባደረገው ንግግር፣ ሁሉም ነገር ምክንያት ሊኖረው ይገባል ከተባለ እግዚአብሔርም ሊኖረው ይገባል የሚለውን ያንኑ መልስ ሰንዝሯል። በ1948 ከኢየሱሳዊው ካህን ፍሬድሪክ ኮፕልስተን ጋር በቢቢሲ ሬዲዮ ሲከራከር ግን የተሻለ ነገር ይዞ ቀረበ፦ እያንዳንዱ ሰው እናት ስላለው የሰው ዘር በጠቅላላው እናት አለው እንደማይባል ሁሉ፣ በዓለም ውስጥ ያለው እያንዳንዱ ነገር ምክንያት ስላለው ብቻ ዓለም በጠቅላላው ምክንያት አለው አይባልም። ኮፕልስተን ደግሞ የሚፈልገው ከሰንሰለቱ ጋር አንድ ዓይነት የሆነ ተጨማሪ ምክንያት ሳይሆን ከሰንሰለቱ በላይ የሆነ ምክንያት መሆኑን አስረዳ። ማንም ባይረታም እያንዳንዱ የሌላውን ሐሳብ ሰምቶ መልሷል፤ ጀማሪዎች ከዚህ ክርክር ብዙ ይማራሉ።

ከዚሁ ጋር የሚሄደው ስህተት የአኩዊናስን ሙግት ስለ ዓለም ጅማሬ የተነገረ አድርጎ መውሰድ ነው። አኩዊናስ ዓለም ጅማሬ እንዳለው በእምነት ይቀበላል እንጂ በፍልስፍና ሊረጋገጥ ይችላል አይልም። እርሱ የሚያሳስበው ወደ ኋላ የሚሄድ የዘመን ሰንሰለት ሳይሆን አሁን፣ በዚህች ቅጽበት ያለ ጥገኝነት ነው፤ በትር ድንጋይን የሚገፋው እጅ በትሩን እስካንቀሳቀሰው ድረስ ብቻ ነው። ስለዚህ «ዓለም ዘላለማዊ ቢሆንስ?» የሚለው ጥያቄ አል-ገዛሊን ያስጨንቃል፣ አኩዊናስን አይነካም። አማኞችም በበኩላቸው ታላቁን ፍንዳታ (የቢግ ባንግን ንድፈ ሐሳብ) እንደ መጨረሻ ማስረጃ ባይመዝዙት ይመረጣል። የንድፈ ሐሳቡ ፋና ወጊ ዦርዥ ለሜትር ራሱ የካቶሊክ ካህን ሆኖ ሳለ፣ ይህ ሥራ ከሃይማኖታዊ ጥያቄ ውጭ እንዲቆይ ይሻ ነበር።

ቅዱስ መጽሐፍን እንደ መነሻ ሐሳብ ለማይቀበለው ሰው መጥቀስ ክርክር አይባልም። «ማስረጃ ማቅረብ ያንተ ግዴታ ነው» እየተባባሉ ሰዓቱን መጨረስም እንዲሁ።

ከመጀመሪያው ምክንያት ወደሚጸለይለት አምላክ በአንድ እርምጃ መዝለል ደግሞ የአማኞች ዋና ድክመት ነው። አኩዊናስ አምስቱ መንገዶች የሚባሉትን ስለ እግዚአብሔር መኖር የሚሟገቱ ሙግቶች ባጭሩ ካቀረበ በኋላ፣ ይህ መጀመሪያ ያለው ነገር አንድ፣ ፍጹም፣ ቸርና አዋቂ መሆኑን ለማስረዳት እጅግ ብዙ ጥያቄዎችን አስከትሏል፤ ዛሬ የሚጠቅሱት ሰዎች ግን አምስቱን አንብበው መጽሐፉን ይዘጉታል። በአንጻሩ «የትኛው አምላክ?» ብሎ መጠየቅ ሙግቱ ገና ያልጨረሰውን ሥራ ያሳያል እንጂ እስከዚያ የደረሰበትን አያፈርስም።

የመካከለኛው ዘመን ሊቅ አንሰልም፣ ከእርሱ የሚበልጥ ሊታሰብ የማይችል ነገር በሐሳብ ብቻ ሳይሆን በእውንም መኖር አለበት ሲል ያቀረበውን የሥነ ኑባሬ ሙግት ሰምቶ መሳቅ ቀላል ነው፤ የት ላይ እንደሚሰበር ማሳየት ግን ከባድ ነው። መነኩሴው ጋውኒሎ በዚያው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በዚህ መንገድ ፍጹም የሆነች ደሴት አለች ብሎ ማረጋገጥም ይቻላል ሲል ተቃወመ፤ ይህ ግን አንድ ስህተት እንዳለ የሚጠቁም እንጂ ስህተቱን የሚያመለክት አይደለም። መኖር ለአንድ ነገር ጽንሰ ሐሳብ የሚጨመር ባሕርይ አይደለም ብሎ ጣቱን በአንድ ቦታ ላይ ያሳረፈው ጀርመናዊው ፈላስፋ ካንት ነው፤ ያም በ1781 ነው። አኩዊናስም ሙግቱን አልተቀበለውም፤ ስለዚህ ይህን ሙግት መጣል እምነትን መጣል አይደለም። የአንድ ሙግት መውደቅ የድምዳሜውን ሐሰትነት አያሳይም።

የክፋትና የመከራ ጥያቄ ሲነሣ ሁለት ልዩ ልዩ ሙግቶች ይደባለቃሉ። ፈላስፋው ጆን ማኪ በ1955 ያቀረበው ሁሉን ቻይና ፍጹም ቸር አምላክ ከክፋት ጋር አብሮ መኖሩ የአመክንዮ ተቃርኖ ነው የሚል ነበር። ለዚህ ክርስቲያኑ ፈላስፋ አልቪን ፕላንቲንጋ በነጻ ፈቃድ ላይ የተመሠረተ መልስ ሰጠ፤ መልሱ የሚያሳየው ሁለቱ አብረው ሊኖሩ እንደሚችሉ ብቻ ነው። ፈላስፋው ዊልያም ሮው ራሱ ኢ-አማኒ ሆኖ ሳለ ተቃርኖ መኖሩን ያረጋገጠ ሰው የለም ብሎ ተቀበለ፤ ሆኖም በ1979 ሙግቱን ወደ ሌላ መስክ ወሰደው። መብረቅ ባስነሣው የደን ቃጠሎ የተቃጠለች አንዲት የሚዳቋ ግልገል ማንም ሳያያት ለቀናት ተሠቃይታ ትሞታለች፤ ይህ ሥቃይ ለበለጠ በጎ ነገር አስፈላጊ ነበር ብለን ለማመን ምን ምክንያት አለን? እዚህ ላይ «ሰው ነጻ ፈቃድ አለው» ብሎ የሚመልስ አማኝ ጥያቄውን አልሰማም፤ በዚያ ደን ውስጥ የመረጠ ሰው አልነበረምና። ፕላንቲንጋም ሮውም ምንም ያላሉ ይመስል የማኪን ተቃርኖ ብቻ የሚደጋግም ኢ-አማኒም ደካማውን መሣሪያ መርጧል።

የመጨረሻው የተናጋሪውን ማንነት በሙግቱ ቦታ መተካት ነው፦ «ያመንከው እዚህ ስለተወለድክ ነው»፣ «የካድከው እንደ ልብህ ለመኖር ነው»። በእኛ ዘንድ ይህ ስህተት በዘርዓ ያዕቆብ ስም በሚታወቀው የግዕዝ የፍልስፍና ድርሰት፣ በሐተታ፣ ላይ ይጎላል። ጣሊያናዊው ምሁር ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ በ1920 ሐተታው የጣሊያናዊው ሚስዮናዊ የጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ድርሰት ነው ካለ ወዲህ፣ የኢትዮጵያ ፍልስፍና ተመራማሪው ክላውድ ሰምነርም ለሐተታው ኢትዮጵያዊነት ከተሟገተ በኋላ፣ ሐተታው በተነሣ ቁጥር ውይይቱ ወደ ጸሐፊው ይሸሻል። ጥያቄው ለታሪክ አጥኚዎች ትልቅ ነው። ይሁን እንጂ በሐተታው ውስጥ ያለው ሙግት፣ ማን ፈጠረኝ ብሎ ተነሥቶ ከወላጅ ወደ ወላጅ እየወጣ ያልተፈጠረ ፈጣሪ ላይ የሚደርሰው፣ በማንም ይጻፍ በማን ጥንካሬው ያው ነው። ሊሞግተው የሚሻ ሰው ሌላ የተሻለ መግቢያ አለው፤ አኩዊናስ ሰው ከሰው እየተወለደ ያለ መጀመሪያ ወደ ኋላ መሄዱ የማይቻል አይደለም ያለው በትክክል ስለዚህ ዓይነቱ የወላጅና የልጅ ሰንሰለት ነው።