የዩኒቨርሲቲ ስፖርትን እንዲቆጣጠሩ የሚመደቡ መምህራን ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ባለፈው መስከረም አንድ ወጣት የሀገሬ ልጅ፣ በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ማስተማር ከጀመረ ሁለተኛ ዓመቱን የያዘ የኢኮኖሚክስ መምህር፣ ደውሎ «ጋሼ፣ የስፖርት ኮሚቴ አባል አድርገውኛል፤ ሥራው ምንድን ነው?» ሲል ጠየቀኝ። «ምሳው ጥሩ ነው» አልሁት። እርሱ ሳቀ፤ እኔ ግን ግማሹን ከልቤ ነበር የተናገርሁት። በአንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ በዚህ ዓይነት ኮሚቴ ውስጥ ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ፤ ከእነዚህም አራቱን የመምህራን ተወካይ ሆኜ ነው። ያየኋቸውና አንዳንዶቹንም ራሴ የሠራኋቸው ስህተቶች በየዓመቱ በአዲስ ሰው ሲደገሙ ስላየሁ፣ ለእርሱ በስልክ የነገርሁትን እዚህ ማስፈሩን መርጫለሁ። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩን ለማያውቁ፦ የዩኒቨርሲቲዎቹን ስፖርት የሚያስተዳድረው ኤንሲኤኤ የተባለው ማኅበር እያንዳንዱ አባል ተቋም አንድ የመምህራን ተወካይ እንዲሰይም ያስገድዳል፤ ተወካዩ በስፖርት ክፍሉ ውስጥ የአሠልጣኝነትም ሆነ የአስተዳደር ሥራ ሊይዝ አይችልም። ከእርሱ ሌላ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች በመምህራን ሴኔት ሥር የሚሠራ ኮሚቴ አላቸው። በአብዛኛው ሁለቱም ፕሬዚዳንቱን ያማክራሉ እንጂ ማንንም አያዝዙም፤ በእጃቸው ያለው ዋና ነገር ሰነድ የመጠየቅ መብት ነው።

የመጀመሪያው ስህተት ይህን መብት ሳይጠቀሙበት ኮሚቴውን የሪፖርት ማዳመጫ ማድረግ ነው። እኔ በገባሁበት ጊዜ አጀንዳውን የሚያዘጋጀው የስፖርት ክፍሉ ጽሕፈት ቤት ነበር። ሳንድዊቹ ይታደላል፣ የዋንጫው ፎቶግራፍ በስክሪን ላይ ይታያል፣ የአዲሱ ጂምናዚየም ንድፍ ይከተላል፣ የአትሌቶቹ አማካይ ውጤት በደማቅ ቀለም ተጽፎ ይቀርባል፤ ለጥያቄ ዐሥር ደቂቃ ሲቀር ከመካከላችን ሁለቱ ክፍል አለን ብለው ይነሣሉ። ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ ተቀምጠን ምን ተቆጣጠርን ብዬ ስጠይቅ ምንም አላገኘሁም። ነገሩ ከመነሻው እንዲህ አልነበረም። በ1895 የሰባት ዩኒቨርሲቲዎች ፕሬዚዳንቶች ቺካጎ ላይ ተሰብስበው፣ በተከታዩ ዓመት የየተቋማቱ መምህራን ተወካዮች ተገናኝተው የመሠረቱት፣ ዛሬ ቢግ ቴን የሚባለው ሊግ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ሕጋዊ ስሙ የመምህራን ተወካዮች ጉባዔ የሚል ነበር። ዛሬ በሀገሪቱ ሁለት ጫፎች ላይ ያሉት የሎስ አንጀለሱ ዩሲኤልኤ እና የኒው ጀርሲው ራትገርስ የዚሁ ሊግ አባላት ናቸው፤ እንዲህ ያለ ለውጥ ሲመጣ አብዛኛው መምህር ወሬውን የሚሰማው እንደማንኛውም ተመልካች ከዜና ነው።

ትዕግሥቴን የሚፈታተነው ግን ሁለተኛው ነው፤ እርሱም በአማካይ ቁጥር ረክቶ መውጣት ነው። ለኮሚቴ የሚቀርቡት ቁጥሮች ሁለት ናቸው። አንደኛው ኤፒአር የሚባለው ሲሆን፣ በስኮላርሺፕ የሚማር እያንዳንዱ አትሌት በየሴሚስተሩ ለመወዳደር ብቁ ሆኖ ከተገኘ አንድ ነጥብ፣ በትምህርት ገበታው ላይ ከቆየ ሌላ አንድ ነጥብ ያገኛል፤ የቡድኑ ድምር ከ1000 ተሰልቶ የአራት ዓመት አማካዩ ከ930 በታች ከወረደ ቡድኑ ከዓመቱ መጨረሻ ውድድር ይታገዳል። ይህ ቀልድ አይደለም፤ የኮኔቲከት ዩኒቨርሲቲ የወንዶች ቅርጫት ኳስ ቡድን በ2013 በዚሁ ምክንያት ከውድድር ውጪ ሆኖ፣ በ2014 ተመልሶ ሻምፒዮን ሆኗል። ሁለተኛው በስድስት ዓመት ውስጥ የተመረቁትን የሚቆጥር ሲሆን፣ በጥሩ ውጤት ወደ ሌላ ዩኒቨርሲቲ የተዛወሩትን ከስሌቱ ስለሚያወጣ አብዛኛውን ጊዜ የፌዴራል መንግሥቱ ከሚያወጣው የምረቃ ቁጥር ከፍ ብሎ ይታያል። ሁለቱም ልጁ ብቁ መሆኑን፣ መቆየቱንና መመረቁን ይነግሩናል፤ ምን እንደተማረ፣ ማን እንዳስተማረው፣ ውጤቱን ማን እንደሞላው ግን አይነግሩንም።

የሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ በቻፕል ሂል የደረሰበትን ሁሉም ሰው ሰምቷል፤ ኮሚቴ ውስጥ የሚቀመጥ ሰው ግን መስማት ብቻ አይበቃውም። ከ1993 እስከ 2011 በአንድ የትምህርት ክፍል ውስጥ መምህር የማይገባባቸው፣ ተማሪው አንድ ጽሑፍ ብቻ አስገብቶ ከፍተኛ ውጤት የሚያገኝባቸው ኮርሶች ነበሩ፤ ጽሑፉን በአብዛኛው ታርም የነበረችውም መምህር ያልሆነች የክፍሉ የአስተዳደር ሠራተኛ ነበረች። በ2014 የወጣው የገለልተኛ መርማሪ ሪፖርት ከ3,100 በላይ ተማሪዎች እንዳለፉበት፣ ከምዝገባዎቹም ግማሽ ያህሉ የአትሌቶች እንደነበሩ አሳይቷል። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ዩኒቨርሲቲው የመምህራን ተወካይም የስፖርት ኮሚቴም ነበረው። በ2017 ኤንሲኤኤ ኮርሶቹ ለሌሎች ተማሪዎችም ክፍት ስለነበሩ ደንቤ ተጥሷል ማለት አልችልም፣ የትምህርት ማጭበርበር መኖር አለመኖሩን የሚወስነውም ተቋሙ ራሱ ነው ብሎ ጉዳዩን ዘጋው። በሌላ አነጋገር የኮርሱን ጥራት የምትጠብቁት እናንተ መምህራኑ ናችሁ ተብለናል፤ ከዚያም በኋላ በየኮሚቴው «አማካያችን ሦስት ነጥብ አንድ ደረሰ» ሲባል የሚያጨበጭብ ፕሮፌሰር ሳይ ደሜ ይፈላል።

መጠየቅ ያለበት ሰነድ ረጅም አይደለም። አትሌቶች ከተማሪው ቁጥር ካላቸው ድርሻ በላይ የተከማቹባቸው ኮርሶች ዝርዝር፣ በግል ጥናት ስም የተሰጡ ክሬዲቶች በመምህር ተለይተው፣ ሴሚስተሩ ካለቀ በኋላ የተሞሉ የውጤት ማሻሻያ ቅጾች፣ በየቡድኑ ያሉ ልጆች የመረጧቸው የትምህርት ዘርፎች፤ እነዚህን ሬጅስትራሩ በአንድ ከሰዓት ሊያወጣ ይችላል። እኛ ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ ስንጠይቅ፣ ከ19 ተማሪዎች 14ቱ አትሌት የሆኑበት የሶሲዮሎጂ ኮርስ ወጣ። አንድ ባልደረባዬ ወዲያው «ያዝናቸው!» አለ። ኮርሱን ስንመረምረው መምህሯ ከማንም በላይ የምታስነብብ፣ ውጤት የምትቆጥብ ሴት ነበረች፤ ኮርሱ የሚሰጠው ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ስለሆነና ልምምድ ከሰዓት ስለሚጀመር ልጆቹ ሌላ ምርጫ አጥተው ነው የተሰበሰቡት። ያው ሠንጠረዥ ግን በአራተኛው ገጹ ላይ በአንድ ክረምት 23 የግል ጥናት ተማሪዎችን የያዘ መምህር አሳየን። ሰውየው ጉቦ አልበላም፤ ቸር ሰው ነበር፤ ልጅ ሊወድቅ ነው ተብሎ ሲደወልለት እምቢ ማለት አይችልም። የቻፕል ሂሏንም ሠራተኛ የመርማሪው ሪፖርት የገለጻት ለሚቸገሩ ተማሪዎች ባላት ርኅራኄ ነው። ስለዚህ ክፉ ሰው ፍለጋ የሚወጣ ኮሚቴ ባዶ እጁን ይመለሳል፤ እምቢ ማለት የማይችል ደግ ሰው የሰፈረበትን የሠንጠረዥ መስመር መፈለግ ይሻላል።

አትሌቶች በጥቂት ዘርፎችና ኮርሶች እንዲከማቹ ከሚያደርጉት ነገሮች አንዱ የራሱ የኤንሲኤኤ ደንብ መሆኑንም ማወቅ ያሻል። በከፍተኛው ምድብ ለዓመታት የሠራው ደንብ አትሌቱ በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ የመረጠውን ዲግሪ 40 በመቶ፣ በሦስተኛው 60፣ በአራተኛው 80 በመቶ እንዲያጠናቅቅ ሲጠይቅ ኖሯል። በሦስተኛ ዓመቷ ከኬሚስትሪ ወደ ነርሲንግ መዞር የፈለገች ልጅ አንዳንዱ ክሬዲቷ ስለማይቆጠርላት መወዳደር ልትከለከል ትችላለች፤ አማካሪውም ይህን ስለሚያውቅ ገና ስትገባ ወደማያሰጋው ዘርፍ ይመራታል።

«የተማሪ ምስጢር ነው፣ ሕጉ አይፈቅድም» ሲባሉ ዝም ማለት ሦስተኛው ስህተት ነው። ብዙዎች ፌርፓ የሚሉት የ1974ቱ የፌዴራል ሕግ ስም የሌለበትን ጥቅል ሠንጠረዥ አይከለክልም።

ነጻ ቲኬትን በተመለከተ የምናገረው ስለ ራሴ ነው። በሦስተኛው ዓመቴ ቡድኑ ለታላቅ ጨዋታ ሲጓዝ ከእነባለቤቴ በተከራየው አውሮፕላን ተሳፍሬ ሄጃለሁ፤ ሆቴሉም ምግቡም በስፖርት ክፍሉ ወጪ ነበር። በተመለስሁ በሦስተኛው ሳምንት ዳይሬክተሩ ስለ ፈተና ሳምንት ጨዋታ ሲያስረዳ ላነሣው ያሰብሁትን ጥያቄ ዋጥሁት። ማንም ዝም በል አላለኝም። እንጀራውን የበሉለትን ሰው ፊት ለፊት መጠየቅ ለእኛ ለሐበሾች ደግሞ እጥፍ ከባድ ነው። ከዚያ በኋላ ቲኬቴን ከፍዬ ገባሁ፤ በነጻ የሚገባውን ግን አልኮንንም፣ ኮሚቴው የተቀበለውን ሁሉ በዓመቱ መጨረሻ ጽፎ ለሴኔቱ ካሳወቀ ይበቃኛል።

የልምምድ ሰዓት መዝገብን እንደተጻፈ ማመን ሌላው ነው። ደንቡ በውድድር ወቅት በሳምንት ከ20፣ በቀን ከ4 ሰዓት አይበልጥም ይላል፤ ይሁን እንጂ የውድድር ቀን ምንም ያህል ይርዘም የሚቆጠረው 3 ሰዓት ሲሆን ጉዞውና የወጌሻ ሕክምናው አይቆጠርም። አንድ ጊዜ ከሴቶች የሩጫ ቡድን ጋር በአውቶቡስ ተጉዤ ነበር፤ ሐሙስ እኩለ ቀን ወጥተን እሑድ ሌሊት ተመለስን፣ ውድድሩ ዓርብና ቅዳሜ ስለነበር ለአራቱ ቀናት በመዝገቡ የሰፈረው 6 ሰዓት ነው። በመመለሻው ላይ መብራቱ ጠፍቶ ሁሉም ሲተኛ አንዲት ልጅ ግንባሯ ላይ ባትሪ አስራ የኦርጋኒክ ኬሚስትሪ መጽሐፍ ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ታነብ ነበር፤ ሰኞ ጠዋት ፈተና ነበራት። የረጅም ርቀት ሯጮችን ለብቻ መመልከት የሚያስፈልገውም በዚህ ምክንያት ነው፤ አገር አቋራጩ በመከር፣ የቤት ውስጥ ውድድሩ በብርዱ ወራት፣ የሜዳው በጸደይ ስለሚቀጥል የማረፊያ ወቅት የላቸውም፤ ከምሥራቅ አፍሪካ የሚመጡት ልጆቻችን ደግሞ አብዛኞቹ ያሉት እዚሁ ውስጥ ነው።

ከውጭ የመጡ አትሌቶችን የምዝገባ ወረቀት በቅጡ ሳይመረምሩ መፈረም የእኔው ጥፋት ስለሆነ አሳንሼ አላልፈውም። ከባሕር ዳር የመጣ አንድ ሯጭ በ12 ክሬዲት፣ በአራት ኮርሶች ተመዝግቦ ነበር፤ ዓርብ ዓርብ ስለሚጓዝ አማካሪው ሁለቱን ኮርሶች ኦንላይን አድርጎለታል። ለኤንሲኤኤ ችግር የለውም። የኤፍ ዋን ተማሪ ቪዛ ደንብ ግን ከሙሉ ጊዜ ምዝገባው በኦንላይን የሚቆጥረው በአንድ ሴሚስተር አንድ ኮርስ ወይም ሦስት ክሬዲት ብቻ ነው። በዚያው ቪዛ ሀገር የገባሁት እኔ ዝርዝሩን አይቼ ፈረምሁበት! በሁለተኛው ሳምንት ልጁ «ጋሼ፣ የውጭ ተማሪዎች ቢሮ ጠርቶኛል፣ ምን አጠፋሁ?» ብሎ ደወለ። የመመዝገቢያው ቀን ሊያልፍ ሁለት ቀን ሲቀረው የስታቲስቲክስ መምህሩን ለምኜ፣ በሞላ ክፍል ውስጥ በልዩ ፈቃድ አስገባሁት። ከ2021 ሐምሌ ወዲህ አትሌቶች በስማቸውና በምስላቸው ገንዘብ እንዲያገኙ ስለተፈቀደም የሐበሻ ምግብ ቤት «ፎቶ ተነሣልን፣ ሁለት መቶ ዶላር እንሰጥሃለን» ሊለው ይችላል፤ ያለ ሥራ ፈቃድ በተማሪ ቪዛ ያለ ልጅ ግን መጀመሪያ የውጭ ተማሪዎች ቢሮንና የኢሚግሬሽን ጠበቃን ሳያማክር አንዲት ወረቀት እንዳይፈርም ኮሚቴው አስቀድሞ ሊነግረው ይገባል።

ሕክምናው የእኛ ሙያ አይደለም ብሎ መተው በ2018 በሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ምን እንዳስከተለ ታይቷል። የ19 ዓመት የአሜሪካን ፉትቦል ተጫዋች በልምምድ ላይ በሙቀት ተመትቶ ከሁለት ሳምንት በኋላ ሞተ፤ ምርመራው ሰውነቱን ወዲያው በቀዝቃዛ ውሃ መንከር ይገባ እንደነበረና እንዳልተደረገ አረጋገጠ። መምህር ስለ ሙቀት ምት ባያውቅም «የቡድኑ ሐኪም ተጠሪነቱ ለማን ነው? አሠልጣኙ ሊያባርረው ይችላል?» ብሎ መጠየቅ ይችላል።

አሠልጣኝ ስለ መቅጠርና ስለ ማባረር አስተያየት አይስጡ፤ ጊዜዎን ይበላል፣ የሚሰማዎትም የለም።

ቋሚ መምህርነት ሳያገኙ የኮሚቴው ሰብሳቢ መሆንም አይገባም። በጆርጂያ ዩኒቨርሲቲ ጃን ኬምፕ የተባለች የእንግሊዝኛ መምህርት ለአትሌቶች የሚደረገውን አድልዎ ተቃውማ ከሥራ ከተባረረች በኋላ በ1986 ፍርድ ቤት ረትታለች፤ እስኪፈረድላት ያለፈችበትን ዓመታት ግን ካሳው አይመልሰውም። ለወጣቱ ኢኮኖሚስትም አባል ሁን፣ ጠይቅ፣ ሰብሳቢነቱን ግን ለሽበታሞቹ ተው አልሁት።

እርሱ ከሙያው አንጻር የበለጠ የጓጓው ስለ ገንዘቡ ነበር፤ በዚህ ደግሞ መምህራን «የስፖርቱ በጀት ራሱን የቻለ ነው» የሚለውን ቃል ሳይመረምሩ የመቀበል ልማድ አላቸው። በሰኔ 2025 በጸደቀው የፍርድ ቤት ስምምነት መሠረት አንድ ዩኒቨርሲቲ በመጀመሪያው ዓመት እስከ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ድረስ በቀጥታ ለአትሌቶቹ ማካፈል ይችላል። ያ ገንዘብ ከየት እንደሚመጣ፣ ከተማሪዎች ክፍያ ወይስ ከዩኒቨርሲቲው ጠቅላላ በጀት ስንቱ እንደሚዛወር መጠየቅ የሴኔቱ ጉዳይ ነው፤ ተቋሙ በየዓመቱ ለፌዴራሉ የትምህርት መሥሪያ ቤት የሚያስገባው የስፖርት ገቢና ወጪ ሪፖርትም ለማንም ክፍት ስለሆነ ከስብሰባው በፊት አውርዶ ማንበብ ይቻላል።

ወጣቱ ኢኮኖሚስት በጥቅምቱ ስብሰባ የኮርሶቹን ዝርዝር ጠይቆ «በሚቀጥለው እናየዋለን» ተብሏል። ጥያቄው በቃለ ጉባዔው ሰፍሯል ወይ ስለው አላየሁም አለኝ። ለጸሐፊዋ ኢሜይል ጽፎ፣ ቀኑንና የጠየቀውን ሰነድ በስም ጠቅሶ እንዲገባለት እንዲያደርግ ነገርሁት፤ የኅዳሩ ስብሰባ ሲከፈት የመጀመሪያው አጀንዳ ያለፈውን ቃለ ጉባዔ ማጽደቅ ነው።