አጋዘን ሲመታ ጥይቱ የት ይረፍ?

ቅርጫ ላይ በሬ ሲበለት ቆማችሁ አይታችሁ ከሆነ ግማሹን ታውቁታላችሁ። እዚህ ቨርጂኒያ የምናድነው ነጭ ጭራ አጋዘን፣ ዲር የምንለው፣ ውስጡ ከበሬው ብዙም አይለይም። ሳንባው፣ ልቡ፣ ጉበቱ፣ ጨጓራው በዚያው ቅደም ተከተል ነው ያለው።

ጀማሪ ልብን ከፍ አድርጎ ያስባል። ልብ ግን ዝቅ ብሎ ነው፤ ከፍርምባው ከፍ ብሎ በሁለቱ ወርች መሃል። ሳንባው ደግሞ የቀረውን ደረት ይሞላዋል። እኔ ሁሌም ሳንባን ነው የምመርጠው። ሃያ ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት ስላለው እጅ ትንሽ ቢስትም ግድ የለም።

ጎኑን ሙሉ ለሙሉ ሲሰጣችሁ፣ የፊት እግሩን የኋላ ጠርዝ ይዛችሁ በዓይናችሁ ወደ ላይ ውጡ። ከደረቱ ሥር እስከ ጀርባው ካለው ቁመት ሲሶው ላይ ቁሙ። እዚያ ነው። ትንሽ ዝቅ ካለ ልቡ አለ፤ ትንሽ ከፍ ካለ አሁንም ሳንባ ነው። በጣም ከፍ ካለ ግን ጉድ ፈላ። በሬ ላይ ሻኛው በሚሆንበት ቦታ ከአከርካሪው ወደ ላይ የሚወጡ ረጃጅም አጥንቶች አሉ። አከርካሪው ራሱ ከምታስቡት በታች ነው የሚያልፈው። ጥይቱ ከሱ በላይ ከሄደ አጋዘኑ ይወድቅና፣ እናንተ ስትደሰቱ ተነስቶ ይሮጣል።

ሰያፍ ቆሞ ፊቱን ወደ ወዲያ ካዞረ የቅርቡን ትከሻ እርሱት። ጥይቱ በወዲያኛው ትከሻ በኩል እንዲወጣ አስባችሁ አልሙ፤ መግቢያው ወደ ኋላ፣ ጎድኑ ላይ ይሆናል። ዛፍ ላይ ከተቀመጣችሁም መውጫውን አስቡ፤ ካልሆነ አንዱን ሳንባ ብቻ ትመታላችሁ። ፊት ለፊት ከቆመ ጎኑን እስኪሰጣችሁ ጠብቁ፣ በተለይ በቀስት የምታድኑ።

ከተኮሳችሁ በኋላ ዘላችሁ አትውረዱ። ሳንባው የተመታም መቶ ሜትር ሊሮጥ ይችላል። ደሙን እዩ። ደማቅ ሆኖ አረፋ ካለው ሳንባ ነው፤ ግማሽ ሰዓት ይበቃል። ጠቆር ካለ ጉበት ሊሆን ይችላል፤ ሦስት አራት ሰዓት ቆዩ። አረንጓዴ ነገር ከተቀላቀለበትና ከሸተተ ጨጓራ ወይም አንጀት ተመቷል። የማታ ተኩስ ከሆነ እስከ ጠዋት ተዉት። ቶሎ ከተከተላችሁት ከተኛበት ተነስቶ ይጠፋል። አየሩ ሞቅ ካለ ሥጋው ያሳስባል፤ እኔ ግን ለሥጋው ብዬ ቀድሜ አልሄድም።